መልሱን የሚያርመው መሬት ነው

ካርታው ላይ ሰማያዊ የጥያቄ ምልክት ተቀምጧል። ምልክቱ ያረፈበት ቦታ ቢኬድ ምንም አይገኝም፤ ያስቀመጠውም ሰው ይህን አይሸሽግም፤ ገና ከመግቢያው ሳጥኑ እዚህ እንዳልሆነ ይናገራል። ከምልክቱ ጋር አንድ ሥዕል፣ ወይም ትርጉም አልባ የሚመስል የፊደል ሰልፍ፣ ወይም የቁጥር ድርድር ይቀርባል። ያንን የፈታ ሰው እውነተኛውን ኬክሮስና ኬንትሮስ ያገኛል፤ ቦታው ድረስ ሄዶም ከድንጋይ ሥር ወይም ከዛፍ ጎድጓዳ ውስጥ ውኃ የማያስገባ ትንሽ ሳጥን ያወጣል። ሳጥኑ ውስጥ ዋናው ነገር የስም መዝገብ ነው። ፈላጊው ስሙንና ቀኑን ጽፎ ሳጥኑን እንደነበረ መልሶ ይደብቀዋል። ጂኦካሺንግ የሚባለው ጨዋታ እንቆቅልሽ የታከለበት ዓይነት ይህ ነው። «ካሽ» የሚለው ቃል መደበቅ ከሚል የፈረንሳይኛ ቃል የመጣ እንጂ ከጥሬ ገንዘብ ጋር አይገናኝም፤ ሳጥኑን ያገኘ ሰው ሀብታም አይሆንም።

ይህን ጨዋታ የሥራ ፈት መዝናኛ አድርጎ የሚያየው ሰው ብዙ ነው። የእኔ አቋም ሌላ ነው። እንዲህ ያለው እንቆቅልሽ ትምህርት ቤቶቻችን ሊያስተምሩት የሚቸገሩትን አንድ ነገር ያስተምራል እላለሁ፤ ይኸውም መልሴ ትክክል ነው ወይስ አይደለም የሚለውን ማንም ሳይነግረን ራሳችን ማረጋገጥ ነው። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ገደማ ብቻ ነበሩ። ለዚህ ውጤት ምክንያቱ ብዙ ነው፤ ሁሉንም እዚህ መዘርዘር አይቻልም። ከልጅነት ጀምሮ የተለማመድነውን የመልስ አሰጣጥ ግን ማንሳት ተገቢ ነው። ከአራት ምርጫ አንዱን እናጠቁራለን፤ ያጠቆርነው ትክክል መሆኑን የሚነግረን መምህሩ ወይም የማረሚያ ማሽኑ ነው። ምንም ሳያነብ በግምት ያጠቆረ ተማሪም ከመቶ ሃያ አምስት ያህል ያገኛል። ስድስት አሃዝ የተሰወረበትን የቦታ ቁጥር በግምት እመታለሁ ያለ ሰው ግን አንድ ሚሊዮን አማራጭ ይጠብቀዋል። እዚህ ግምት አያዋጣም።

መሬት ዳኛ ለመሆን የበቃው በቅርቡ ነው። የአሜሪካ መንግሥት ከጂፒኤስ ሳተላይቶቹ ለሲቪሉ የሚለቀውን ምልክት ሆን ብሎ ያዛባው ስለነበር በእጅ የሚያዝ መሣሪያ እስከ አንድ መቶ ሜትር ይስት ነበር። በፕሬዚዳንት ቢል ክሊንተን ትእዛዝ ማዛባቱ እ.ኤ.አ. ሜይ 2 ቀን 2000 ቆመ። በማግስቱ ዴቭ አልመር የተባለ የኮምፒውተር ባለሙያ ኦሪገን ውስጥ ቢቨርክሪክ በሚባል ቦታ አጠገብ ባለ ጫካ አንድ ባልዲ ደብቆ የቦታውን ቁጥር በኢንተርኔት አሳወቀ፤ ባልዲው በቀናት ውስጥ ተገኘ። ዛሬ በዓለም ዙሪያ የተደበቁት ሳጥኖች ከሦስት ሚሊዮን ይበልጣሉ። የቦታው ቁጥር የሚጻፈው በዲግሪና በደቂቃ ሲሆን ከደቂቃው ነጥብ በኋላ ሦስት አሃዝ ይከተላል። ከሰሜን ወደ ደቡብ ሲለካ አንድ ደቂቃ 1,852 ሜትር ያህል ነው። ስለዚህ የመጨረሻዋ አሃዝ በአንድ ብትሳሳት ስሕተቱ ሁለት ሜትር አይሞላም፤ ዞር ዞር ብሎ በዓይን መፈለግ ይበቃል። ከነጥቡ ቀጥላ ያለችው አሃዝ በአንድ ብትሳሳት ግን ሰውየው 185 ሜትር ያህል ርቆ ሌላ ዛፍ ሥር ሲያስስ ይውላል። ስሕተቱ ትንሽ ይሁን ትልቅ የሚነግረው እግሩ ነው።

አፈታቱን በራሳችን ፊደል ብናየው ይቀላል። የፊደል ገበታችን፣ ቨን ሳይጨምር፣ ከሀ እስከ ፐ 33 ረድፍ አለው፤ እያንዳንዱ ረድፍ ደግሞ ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ሰባት ቤት። እንግዲህ ማንኛውንም ፊደል በሁለት ቁጥር መጥራት ይቻላል፤ የመጀመሪያው ረድፉን፣ ሁለተኛው ቤቱን ይናገራል። ፲፮-፩፣ ፮-፬፣ ፲፩-፮፣ ፲፯-፫፣ ፪-፯ ተብሎ ቢጻፍ ለማያውቅ ሰው የዕቃ ቆጠራ ይመስላል። ገበታውን ፊቱ የዘረጋ ልጅ ግን በጣቱ እየቆጠረ ይወርዳል፤ አሥራ ስድስተኛው ረድፍ አ ነው። ስድስተኛው ረ፣ አራተኛ ቤቱ ራ። አሥራ አንደኛው ተ፣ ሳድሱ ት። «አራት» የሚል ቃል ሲወጣ ልቡ ይሞቃል፤ ኪ እና ሎ እስኪመጡም አይታገሥም። መጀመሪያ ላይ አንድ ረድፍ ሁለት ጊዜ ቆጥሮ ቢሆን «ኘራት» የሚል ነገር ይወጣበትና ያኔውኑ ተመልሶ ይቆጥራል። ስሕተቱን ማንም አልነገረውም፤ የአማርኛ ጆሮው ነገረው። የመጀመሪያው እርማት ይህ ነው። ሁለተኛውን እርማት ደግሞ ቦታው ይሰጠዋል።

ፊደላችን ለዚህ ሥራ ምን ያህል እንደሚመች ሳስብ እስካሁን አለመጠቀማችን ይቆጨኛል። በ9ኛው ክፍለ ዘመን ባግዳድ የኖረው ሊቅ አልኪንዲ ስውር ጽሑፍ የሚሰበርበትን ዘዴ ጽፎ አስቀምጧል፤ በቋንቋው አብዝቶ የሚደጋገመው ፊደል የትኛው እንደሆነ ማወቅ፣ ከዚያም በስውሩ ጽሑፍ ውስጥ አብዝቶ ከሚደጋገመው ምልክት ጋር ማስተያየት ነው። በእንግሊዝኛ ከመቶ ፊደላት አሥራ ሁለት ያህሉ ኢ የምትባለው ፊደል ስለሆነች ተራ የፊደል ልውውጥ በቶሎ ይሰበራል። ይህን ለማምለጥ ጣሊያን ውስጥ በማንቱዋ ቤተ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1401 ለአንድ አናባቢ ብዙ ምልክት መስጠት ተጀመረ። እኛ ሀን፣ ሐንና ኀን፣ ሰንና ሠን፣ አንና ዐን፣ ጸንና ፀን ከአባቶቻችን ተቀብለናል። ተማሪን በቃል ጽሕፈት ሰዓት የሚያስጨንቀው የሞክሼ ፊደላት ነገር ምስጢር ለሚጽፍ ሰው ትልቅ ሀብት ነው፤ «አራት»ን በ፲፮ም በ፳ም መጀመር ይችላል። በዚያ ላይ ምልክቶቻችን ከሁለት መቶ ስለሚበልጡ በአጭር ጽሑፍ ውስጥ ብዙዎቹ አንዴም አይደገሙም። ይህ ሁሉ ቢሆንም ሳድስ ፊደላት በአማርኛ እጅግ ስለሚበዙ የቤቱን ቁጥር ብቻ ለይቶ የሚቆጥር ብልህ ፈቺ መግቢያ ቀዳዳ አያጣም። አንድ ልጅ ይህን በራሱ ቢደርስበት ስለ ቋንቋው ከአንድ ወር የሰዋስው ክፍለ ጊዜ የበለጠ የተማረ ይመስለኛል።

መልሱ መሬት ላይ ካልተፈተነ ምን እንደሚሆን ለማየት ከዋሽንግተን ዳር፣ ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባት ሰሜን ቨርጂኒያ፣ ላንግሌይ ወደሚገኘው የሲአይኤ ዋና መሥሪያ ቤት እንሂድ። ቀራፂው ጂም ሳንቦርን እ.ኤ.አ. በ1990 እዚያ ግቢ ያቆመው ክሪፕቶስ የተባለ የመዳብ ሐውልት አለ፤ በላዩ አራት ክፍል ያለው ስውር ጽሑፍ ተቀርጿል። አንድ የመሥሪያ ቤቱ ባልደረባ በወረቀትና በእርሳስ፣ ጂም ጊሎግሊ ደግሞ በኮምፒውተር፣ ሦስቱን ክፍሎች በየፊናቸው ፈቱ፤ የጊሎግሊ ሥራ እ.ኤ.አ. በ1999 ለሕዝብ ወጣ። ሁለተኛው ክፍል በውስጡ ኬክሮስና ኬንትሮስ ይዟል፤ የሚያመለክተውም ከሐውልቱ ብዙ የማይርቅ ነጥብ ነው። ከዚያ ቀጥሎ የወጣው መደምደሚያ በረድፍ ስለ መለየት የሚናገር፣ ትርጉም የሚሰጥ ሐረግ ነበር። ፈቺዎቹ በዓለም የታወቁ ናቸው፤ ሐረጉም ስሜት ይሰጣልና ሁሉም ተቀበለው። እ.ኤ.አ. በ2006 ግን ሳንቦርን ራሱ ወጥቶ ስሕተት መሆኑን ተናገረ። ሐውልቱ ላይ አንድ ፊደል ስለተዘለለች መደምደሚያው ተዛብቶ ነበር፤ የታሰበው ሐረግ ስለ ሁለተኛ ንብርብር የሚናገር ነው። ሰባት ዓመት ሙሉ የተሳሳተ መልስ እንደ ትክክለኛ ተይዞ ኖረ ማለት ነው። ፈቺዎቹ አላወቁም ልል አልችልም፤ ከእነርሱ የበለጠ የሚያውቅ አልነበረም። የጎደለው መፈተኛው ነበር። ግቢው ለሕዝብ ዝግ ነው፤ ከሐረጉ መጨረሻም የሚከፈት ሳጥን አልነበረም። ስሜት የሚሰጥ መልስና ትክክለኛ መልስ አንድ እንዳልሆኑ ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ ምሳሌ አላውቅም።

የጂኦካሽ እንቆቅልሽ ሠሪዎች ይህን ክፍተት የሚዘጉበት ሥርዓት አላቸው። እውነተኛው ቦታ ካርታው ላይ ካለው ምልክት ከሦስት ኪሎ ሜትር ያህል እንዳይርቅ ይደረጋል፤ ስለዚህ ፈቺው ያወጣው ቁጥር ሌላ ክፍለ ሀገር ካሳየው መሳሳቱን ከቤቱ ሳይወጣ ያውቃል። ብዙ ጊዜ ያገኘውን ቁጥር አስገብቶ የሚፈትሽበት ማረጋገጫም ይቀርብለታል። ያለ ባለመሬቱ ፈቃድ ሳጥን መቅበርና መሬት መቆፈር ክልክል ነው። አዲስ ሳጥን ለሕዝብ ከመውጣቱ በፊት በጎ ፈቃደኛ ገምጋሚ ያየዋል፤ የእንቆቅልሹ ክብደትና የመንገዱ ከባድነት እያንዳንዳቸው ከአንድ እስከ አምስት ኮከብ ይሰጣቸዋል። ከሁሉ በላይ የማከብረው ግን በሠሪውና በፈቺው መካከል ያለውን ያልተጻፈ ውል ነው፤ ለመፍታት የሚያስፈልገው ሁሉ እንቆቅልሹ ውስጥ መኖር አለበት፣ መልሱም አንድ ብቻ መሆን አለበት። ቅኔ ሁለት ትርጉም ሲሸከም ይከብራል፤ ሰሙም ወርቁም ቦታ አላቸው። ስውር ጽሑፍ ሁለት ትርጉም ከተሸከመ ግን አንዱን ፈላጊ ገደል ይሰደዋል።

ገደል ያልኩት ለማጋነን አይደለም። የዚህ ዓይነት ፍለጋን የሚቃወሙ ሰዎች የፎረስት ፌንን ሀብት ቢጠቅሱ እውነት አላቸው። የኒው ሜክሲኮው የጥበብ ሥራዎች ነጋዴ ፌን እ.ኤ.አ. በ2010 ገደማ ወርቅና ጌጣጌጥ የሞላው ሣጥን በሮኪ ተራሮች ውስጥ ደብቆ ፍንጩን በሃያ አራት መስመር ግጥም አሳተመ። ሣጥኑ እ.ኤ.አ. በ2020 ዋዮሚንግ ውስጥ እስኪገኝ ድረስ ቢያንስ አምስት ፈላጊዎች በወንዝና በተራራ ሞተዋል። ከዚህ የምወስደው ትምህርት ግን እንቆቅልሽ ይቅር የሚል አይደለም። የፌን ግጥም ስንቱም ሸለቆ ላይ ሊገጥም የሚችል ነበር፤ ከጉዞው በፊት ራስን ማረሚያ መንገድ አልነበረውም፤ በዚህ ላይ ከሚሊዮን ዶላር በላይ ዋጋ አለው የተባለ ሽልማት ተጫነበት። የሚያጓጓ ገንዘብና የማይፈተን ፍንጭ ሲገናኙ ሰው ደጋግሞ አደጋ ውስጥ ይገባል። መልሱ ቤት ውስጥ የሚረጋገጥ፣ ሽልማቱ ደግሞ በወረቀት ላይ የሚሰፍር ስም ሲሆን ያ ግፊት የለም።

ሌላው ተቃውሞ ከሕግና ከጸጥታ ይነሳል፤ እንደ እኛ ባለ ሁኔታ ይህን አቃልሎ ማየት ኃላፊነት የጎደለው ነው። ጸጥታ በሰፈነባት እንግሊዝ እንኳ እ.ኤ.አ. በ2011 ዌዘርቢ በምትባል ከተማ መንገድ ዳር የተደበቀ ሳጥን ቦምብ መስሎ የጦር ሠራዊት የፈንጂ ባለሙያዎች ተጠርተው አፈንድተውታል። አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ወጣት ስልኩን እያየ የድልድይ ሥር ሲዳብስ ቢታይ ምን ሊከተል እንደሚችል ለማንም አይጠፋም። ስለዚህ ሳጥን በየአደባባዩ ይደበቅ አልልም። በቤተ ክርስቲያን፣ በመስጊድና በቅርስ ቦታማ ፈጽሞ መሆን የለበትም። የትምህርት ቤት ግቢ፣ የዩኒቨርሲቲ ቅጥር፣ ፈቃድ የሰጠ ፓርክ ይበቃል። ጥበቃው ያውቃል፣ ርእሰ መምህሩ ያውቃል፣ ቦታውን የማያውቁት ፈቺዎቹ ብቻ ናቸው።

ከሁሉ የከበደኝ ተቃውሞ የማሽኑ ነው። ዛሬ ብዙ ዓይነት ስውር ጽሑፍ ለአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ሰጥቶ በደቂቃ ማስፈታት ይቻላል፤ የተፈቱ ቁጥሮችን እርስ በርስ የሚቀባበሉ ሰዎችም አሉ። መዝገቡ ላይ የሰፈረ ስም ሰውየው ራሱ መፍታቱን አያስረዳም። ይህን መካድ አይቻልም፤ ከዚህም የተነሣ እንዲህ ላለ እንቆቅልሽ ማርክ መስጠትን አጥብቄ እቃወማለሁ። ማርክ ከተሰጠበት በሁለተኛው ሳምንት ቁጥሩ በቴሌግራም ይዞራል፤ ከፈተናዎቻችን የሚያውቀው ያውቀዋል። ይሁን እንጂ የማሽኑ መምጣት ክርክሬን ያጠነክረው ይመስለኛል። ማሽኑ የተሳሳተውንም ትክክለኛውንም መልስ በአንድ ዓይነት የእርግጠኝነት ድምፅ ይናገራል፤ እንደ ክሪፕቶሱ ሐረግ ስሜት የሚሰጥ ስሕተት ማምረት ይችልበታል። ወደፊት ልጆቻችንን የሚያጋጥማቸው ችግር መልስ ማጣት አይሆንም፤ የመጣላቸውን መልስ መመዘን ይሆናል። ማሽኑ ባወጣለት ቁጥር ሄዶ ባዶ ድንጋይ ያገላበጠ ልጅ ያን ቀን የሚማረውን ነገር በምክር ማስተማር አይቻልም።

የውጭ አገር ቅንጦት ነው የሚለው ደግሞ ጨዋታው ስማርት ስልክና ኢንተርኔት ይፈልጋል ከሚል ግምት የመጣ ነው። የዚህ ጨዋታ ታላቅ ወንድም ግን በደቡብ ምዕራብ እንግሊዝ ዳርትሙር በተባለ ጭር ያለ ደጋ እ.ኤ.አ. በ1854 ጄምስ ፔሮት የተባለ መንገድ መሪ ባኖረው ጠርሙስ ይጀምራል፤ እዚያ የደረሰ መንገደኛ ስሙን የያዘ ካርድ ጥሎበት ይመለስ ነበር። ሳተላይት ቀርቶ ስልክም አልነበረም። «ከሰንደቅ ዓላማው ወደ ምሥራቅ 40 እርምጃ፣ ከዚያ ወደ ደቡብ 12» የሚል ፍንጭ በጠመኔ ሊጻፍ ይችላል። መንፈሱም ለእኛ ባዳ አይደለም። በየቤታችን «እንቆቅልህ» ሲባል «ምን አውቅልህ» እንላለን፤ መልሱ ያልመጣለት ሰው «ሀገር ስጠኝ» ይባላል፤ ጠያቂው ሀገሩን ከተቀበለ በኋላ ነው መልሱን የሚናገረው። በእኛ እንቆቅልሽ መጨረሻ ላይ ድሮም ቦታ አለ፤ የተሸነፈው ይሰጠዋል። እዚህ ላይ የሚለወጠው ቦታውን የፈታው ሰው ማግኘቱ፣ ዳኝነቱም ከጠያቂው አፍ ወጥቶ ወደ መሬት መሄዱ ነው።

የምጠይቀው ትልቅ በጀት አይደለም። የአማርኛ፣ የሒሳብና የጂኦግራፊ መምህራን በአንድ የትምህርት ቤት ክበብ ተገናኝተው በወር አንድ እንቆቅልሽ ቢያዘጋጁ፣ አንድ የብስኩት ቆርቆሮና አንድ ደብተር ቢገዙ ይበቃል። በሁለተኛው ዙር ሠሪዎቹ ተማሪዎቹ ራሳቸው ቢሆኑ ደግሞ እመርጣለሁ፤ አንድ መልስ ብቻ ያለው ጥያቄ መሥራት ከመፍታቱ ይከብዳልና። በዋሽንግተንም በስቶክሆልምም ልጆቻቸውን በሰንበት ፊደል የሚያስቆጥሩ ወላጆች ገበታውን ከግድግዳ አውርደው የቦታ ቁልፍ ሊያደርጉት ይችላሉ፤ በተለይ እነርሱ የሚኖሩባቸው ከተሞች መናፈሻዎች በእንዲህ ያሉ ሳጥኖች የተሞሉ ናቸው። የእንግሊዝኛው ሃያ ስድስት ፊደል ለሁለት እኩል ተከፍሎ አንዱ አሥራ ሦስት በሌላው አሥራ ሦስት እየተተካ በጨዋታው ገጾች ላይ ፍንጭ የሚሰወርበትን ዘዴ የሚያውቅ ልጅ፣ 33 ረድፍ ለሁለት እኩል እንደማይከፈል ሲያይ ቨን ጨምሮ 34 ያደርገዋል፤ በአሥራ ሰባት በአሥራ ሰባትም ይተካዋል። ይህን መፍትሔ ልጁ ራሱ ቢያገኘው ደስታው የራሱ ይሆናል።

ገበታው ያላችሁ ሞክሩት። ቦታው አዲስ አበባ ነው፤ የተደበቀ ሳጥን የለበትም፤ ቆጠራችሁ ትክክል ከሆነ የሚጠብቋችሁ የብራና መጻሕፍት ናቸው። ፲፱-፩፣ ፬-፩፣ ፳፩-፩፣ ፲፯-፮፣ ፮-፮።